ስንት ትል፣ ስንት እንቁላል፦ ከአንድ የአይጦች ሙከራ የተያዘ የሥራ ማስታወሻ

አይጦቹን ለመበከል 14 ቀን ሲቀረው

የእጭ ማራቢያ ሳህኖቹን ዛሬ አዘጋጀን። ትሉ ሄሊግሞሶሞይደስ ፖሊጋይረስ ይባላል። በአይጥ ቀጭን አንጀት መጀመሪያ ላይ የሚኖር፣ እንደ ክር የቀጠነ ቀይ ትል ነው። ከሌሎቹ ለይተን የመረጥነው ስለሚቆይልን ነው። ኒፖስትሮንጂለስ ብራዚሊየንሲስ የተባለውን ትል አይጥ በ10 ቀን አካባቢ ከአንጀቷ ጠራርጋ ታስወጣዋለች፤ እንቁላሉን ለመቁጠር የሚገኘው ጊዜ ጥቂት ቀናት ብቻ ነው። ትሪኩሪስ ሙሪስ የተባለው ጅራፍ ትል ደግሞ እስኪጎለምስ አምስት ሳምንት ያህል ያስጠብቃል። የእኛው ግን በሁለት ሳምንት ውስጥ ጎልምሶ እንቁላል ይጥላል፤ እኛ በያዝነው ሲ57 ብላክ 6 በተባለ የቤተ ሙከራ አይጥ ዝርያ ውስጥም ለብዙ ሳምንታት ይኖራል።

ጥያቄዬ ይህ ነው፦ በዐይነ ምድር ውስጥ የሚገኘው የእንቁላል ብዛት በአንጀት ውስጥ ስላለው የትል ብዛት ምን ያህል እውነቱን ይናገራል? ትሉን ራሱን ለመቁጠር አይጧን መግደል ግድ ነው። እንቁላሉን ግን አይጧ በሕይወት እያለች፣ በየሳምንቱ መቁጠር ይቻላል። መልሱ አጥጋቢ ከሆነ በሚቀጥለው የመድኃኒት ሙከራ ብዙ አይጦች ይተርፋሉ። ራስልና በርች የተባሉ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1959 በሙከራ የሚሠዉ እንስሳትን ቁጥር መቀነስ የሥራው አካል መሆን እንዳለበት ከጻፉ ወዲህ ይህ ጥያቄ በእያንዳንዱ የሙከራ ዕቅድ ላይ ይነሣል። እኔም በቅጽ ላይ ከምሞላው ያለፈ መልስ እፈልጋለሁ።

ትሉን ከተሸከሙ አይጦች የሰበሰብነውን ትኩስ ዐይነ ምድር ከደቀቀ ከሰል ጋር፣ ወፍራም ጭቃ እስኪመስል ለወስነው። ከሰሉ አየር ያስገባለታል፤ ሻጋታንም ይቀንሳል። በእርጥብ ማጥለያ ወረቀት መካከል ስስ አድርገን ቀባነውና ፔትሪ ዲሾቹን እርጥብ ፎጣ በተነጠፈበት ባለክዳን ሣጥን ውስጥ አስቀመጥን። የወረቀቱ ዳር ዙሪያውን ባዶ መቅረት አለበት፤ ምክንያቱም የበሰለው እጭ ከጭቃው እየወጣ የሚሰበሰበው እዚያ ነው።

7 ቀን ሲቀረው

ክዳኑን ስከፍት የወረቀቱ ጠርዝ በጣም ስስ ጭጋግ የተጋረደ ይመስል ነበር። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ጭጋጉ የሚርመሰመስ እጭ ነው። እንቁላሉ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ተፈልፍሎ፣ እጩ ሁለት ጊዜ ቆዳ ቀይሮ ሦስተኛው የዕድገት ደረጃ ላይ ደርሷል። አሁን አይበላም፤ የቀድሞ ቆዳውን እንደ ካባ ለብሶ የምትውጠውን አይጥ ይጠብቃል። ጠርዙን በንጹሕ ውሃ አጥበን እጮቹን ሰበሰብንና ሦስት ጊዜ አለቅልቀን በ4 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ፍሪጅ ውስጥ አኖርናቸው። በዚህ ቅዝቃዜ ለሳምንታት ይቆያሉ፤ በቆዩ ቁጥር ግን አይጥ የመበከል አቅማቸው ይደክማል። ስለዚህ ለሁሉም አይጦች የምንሰጠው ከአንድ ቀን ምርት ብቻ ይሆናል።

2 ቀን ሲቀረው

ይህን ቀን በዝርዝር መጻፍ አለብኝ። ሙከራው ሊበላሽ የነበረው ዛሬ ነውና።

ዕቅዱ ለእያንዳንዷ አይጥ በ0.2 ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ 200 እጭ መስጠት ነው። ስለዚህ በአንድ ሚሊ ሊትር 1,000 እጭ የያዘ ውሃ አዘጋጀሁ። በስሪንጅ 1 ሚሊ ሊትር ቀድቼ፣ በአይጦቹ ምትክ አምስት ትንንሽ ሳህኖች ደርድሬ፣ በእያንዳንዱ ላይ 0.2 ሚሊ ሊትር ጨመርኩ። እጮቹ እንዳይንቀሳቀሱብኝ በየሳህኑ አንዳንድ ጠብታ አዮዲን አክዬ ሁሉንም አንድ በአንድ ቆጠርኩ፦ 287፣ 214፣ 176፣ 151፣ 108።

መጀመሪያ የቆጠራ ስህተት መሰለኝና ደገምኩት። ያው ነው። ድምሩ 936 ነው፤ ስለዚህ እጮቹ አልጠፉም፤ የተበላሸው ክፍፍሉ ነው። ከዚያ ስሪንጁን ብርሃን ላይ ይዤ ጥቂት ቆየሁ። እጭ ከውሃ ይከብዳል፤ ጫፉ ወደ ታች በተያዘ ስሪንጅ ውስጥ ወዲያው ወደ መርፌው መውረድ ይጀምራል። ጠጋ ብሎ ለተመለከተ፣ የመጨረሻው ግማሽ ሴንቲ ሜትር ከላይኛው ይልቅ ደፍረስ ብሎ ይታያል። የመጀመሪያዋ አይጥ ከአምስተኛዋ ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ልትውጥ ነበር ማለት ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሁለቱን ስናነጻጽር ልዩነቱን ለአይጦቹ የመከላከል ኃይል እንሰጠው ነበር።

አሠራሩን ቀየርን። ለእያንዳንዷ አይጥ ለብቻ ይቀዳል፤ ከመቀዳቱ በፊት ቱቦው አምስት ጊዜ በቀስታ ይገለበጣል፤ የተቀዳው ወዲያው ይሰጣል። በዚህ አሠራር የተቆጠረው 193፣ 208፣ 187፣ 211፣ 199 ሆነ። ከዚህ የተሻለ አልጠብቅም።

ቀን 0

አሥር ሴት አይጦች እጭ ተሰጣቸው፤ ሌሎች ሁለት ንጹሕ ውሃ ብቻ ተሰጣቸው። ጫፉ ድቡልቡል የሆነው የመመገቢያ ቱቦ በአፍ በኩል ወደ ጨጓራ ይወርዳል። የሚያሠለጥኑን አዛውንቱ የቤተ ሙከራ ቴክኒሻን እያንዳንዷን በአንድ እጃቸው አንገቷ ቀጥ እንዲል አድርገው ሲይዟት፣ አይጧ እንኳ ምን እንደተደረገባት የምታውቅ አትመስልም። እኔ የያዝኳት 7ኛዋ ግን ተወራጨች፤ ቱቦውን ሳወጣ ከአፏ ዳር ጠብታ ተመለሰ።

«ልድገምላት?» አልኳቸው።

«ከደገምሽላትማ ስንት እንደዋጠች በምን ታውቂያለሽ?» አሉኝ። «ጻፊው።»

ጻፍኩት፦ «7ኛ፦ የተወሰነ መጠን ተመልሷል፤ አልተደገመም።»

ከቀን 1 እስከ ቀን 8

በዐይን የሚታይ ነገር የለም። አይጦቹ ይበላሉ፣ ይሮጣሉ፣ ክብደታቸውም አልቀነሰም። እጮቹ ግን በመጀመሪያው ቀን ውስጥ የአንጀቱን ግድግዳ ሰርስረው ገብተዋል። እዚያ ተደብቀው ያድጋሉ፤ በ8ኛው ቀን አካባቢ ጎልምሰው ወደ አንጀቱ ውስጥ ይመለሳሉ። ይህ ትል በአይጧ ውስጥ እንቁላል ቢጥልም ቁጥሩ አይበዛም፤ ከገባው እጭ በላይ ትል ሊገኝ አይችልም። ለእኛ ሥራ ትልቁ ጥቅሙ ይህ ነው፤ መነሻውን ስለምናውቅ መድረሻውን ማመዛዘን እንችላለን።

አይጦች የራሳቸውን ዐይነ ምድር ይበላሉ። ታዲያ ራሳቸውን መልሰው አይበክሉም ወይ? ትኩስ እንቁላል አይበክልም፤ ውጭ አንድ ሳምንት ያህል ቆይቶ እጩ መብሰል አለበት። ስለዚህ ጉዝጓዛቸውን በየሦስት ቀኑ እንለውጣለን።

ቀን 9

አሥሩንም መረመርኩ። ምንም እንቁላል የለም።

ቀን 11

ትናንት በአንዷ፣ ዛሬ በስምንቱ ተገኘ። እንቁላሉ ሞላላ ነው፤ ቅርፊቱ ስስና ጥርት ያለ፣ ውስጡ ገና በመከፋፈል ላይ ያሉ ሕዋሳት የታጨቁበት። ርዝመቱ ከ70 እስከ 85 ማይክሮ ሜትር ይደርሳል። ለሥራው አዲስ የሆነ ሰው ከአየር አረፋ ጋር ሊያምታታው ይችላል፤ አረፋ ግን ዳሩ ጥቁርና ወፍራም፣ ክቡ ያለቀለት፣ ውስጡም ባዶ ነው።

የምንጠቀመው የማክማስተር ስላይድ ነው፤ ሁለት ክፍሎች ያሉት የመቁጠሪያ መስተዋት። እ.ኤ.አ. በ1939 ጎርደንና ዊትሎክ አውስትራሊያ ውስጥ ለበግ የሠሩት ዘዴ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ እንቁላል ከንጹሕ ውሃ ይከብዳል፤ ጨው ተጨምሮበት ከዚያ በላይ ሊሟሟ ከማይችል ውሃ ግን ይቀልላል። ስለዚህ ቆሻሻው ወደ ታች ሲሰጥም እንቁላሉ ተንሳፍፎ ከላይኛው መስተዋት ሥር ይሰለፋል። ሁለቱ ክፍሎች እያንዳንዳቸው 0.15 ሚሊ ሊትር ይይዛሉ፤ በድምሩ 0.3። እኔ 0.2 ግራም ዐይነ ምድር በ3 ሚሊ ሊትር ጨዋማ ውሃ ውስጥ እበጠብጣለሁ፤ ስለዚህ የታየው እያንዳንዱ እንቁላል በአንድ ግራም ውስጥ 50 እንቁላል ማለት ነው።

በግ ብዙ ግራም በአንድ ጊዜ ትሰጣለች። አይጥ ግን የምትጥለው ፍሬ ፍሬ ነው፤ 0.2 ግራም ለማግኘት ከአሥር ፍሬ በላይ ያስፈልጋል። አንዷ አይጥ በሰዓት ውስጥ ትሰጣለች፤ ሌላዋ ታስጠብቃለች። የሚከተለው ስህተት የመጣውም ከዚሁ ከመጠበቅ ነው።

ቀን 14

ከ7ኛዋ በቀር ሁሉም እንቁላል እየጣሉ ነው። የ4ኛዋ ቁጥር ግን እንቅልፍ ነሣኝ፦ ጠዋት 9,800፣ ከሰዓት በኋላ 14,200። ያው አይጥ፣ ያው ትል፣ ያው ቀን።

የከሰዓት በኋላው ፍሬ በክፍት ሳህን ላይ ሁለት ሰዓት ያህል እንደቆየ ከመዝገቡ አየሁ። ደርቋል። ውሃው ሲተን ክብደቱ ይቀንሳል፤ እንቁላሉ ግን አይተንም። ስለዚህ አንድም እንቁላል ሳይጨመር በግራም ያለው ቁጥር ይንራል። ይህን ለማረጋገጥ ከአንድ አይጥ የተወሰደ ትኩስ ፍሬ መዝኜ በክፍት ሳህን አስቀመጥኩት፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ ከክብደቱ ከሩብ በላይ አጥቷል። የ4ኛዋን ልዩነት አብዛኛውን ይህ ያስረዳል። የቀረው ከሰዓቱ ሊሆን ይችላል።

ከዛሬ ጀምሮ ሁሉም ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ ይሰበሰባል። ፍሬው እንደወደቀ ክዳን ያለው ቱቦ ውስጥ ይገባል፤ በዚያው ሰዓትም ይመዘናል። የእስከ ዛሬውን ቁጥር ከመዝገቡ አልሰረዝኩትም፤ ዳሩ ላይ በቀይ ምክንያቱን ጻፍኩበት። ለመደምደሚያው ግን አልጠቀምበትም።

ቀን 17

አንዱን ቱቦ ሦስት ጊዜ ቆጠርኩት፦ 372፣ 398፣ 421። ይህ ልዩነት የእጅ ጉድለት አይደለም፤ ከበርሜል በማንኪያ የሚቀዳ ሁሉ በዚህ ያህል ይዋዥቃል። 400 ገደማ ሲቆጠር በ20 ከፍና ዝቅ ማለት የተለመደ ነው። አስቸጋሪው ጥቂት ሲገኝ ነው። አራት እንቁላል ካየሁ «200 በግራም» ብዬ እጽፋለሁ፤ የሚቀጥለው ስላይድ ሁለት ወይም ሰባት ቢያሳየኝ ግን ሊገርመኝ አይገባም። ዜሮም እንዲሁ «የለም» ማለት አይደለም፤ «በዚህ ዘዴ አልታየም» ማለት ነው። ስለዚህ የ7ኛዋን ስድስት ስላይድ አነበብኩ። ስድስቱም ባዶ።

ሌላ ያስተዋልኩት፦ ስላይዱን ሞልቼ አምስት ደቂቃ ካልጠበቅኩ እንቁላሎቹ ገና በመንሳፈፍ ላይ ናቸው፤ ግማሽ ሰዓት ካሳለፍኩ ደግሞ ጨው ዳሩ ላይ እንደ ውርጭ ይረጋል፣ እንቁላሎቹም ይጨማደዳሉ። አሁን አንድ ስላይድ እያነበብኩ ሌላው ብቻ ይጠብቃል፤ ሦስት መደርደር ትቻለሁ።

ቀን 20

የመጨረሻው የእንቁላል ቆጠራ። 2ኛዋ 19,900፣ 9ኛዋ 13,250፣ 5ኛዋ 12,600። ሌሎቹ በእነዚህ መካከል ናቸው። ሁለቱ ያልተበከሉት ዜሮ፤ 7ኛዋም ዜሮ።

ማታ ባልደረባዬ የአይጦቹን ቁጥር በፊደል ቀይሮ ቁልፉን በፖስታ አሽጎ ያዘ። ነገ ትሎቹን ስቆጥር የማን አንጀት እንደሆነ ማወቅ የለብኝም። ብዙ እንቁላል የጣለችው ማን እንደሆነች ካወቅኩ፣ ዐይኔ በእሷ አንጀት ላይ ጠንክሮ መፈለጉ አይቀርም።

ቀን 21

አሥራ ሁለቱም በሰመመን፣ ሳይሠቃዩ እንዲሞቱ ተደረገ። ይህን የሠራን ሁላችንም ዝም ብለን ነበር የዋልነው።

ቀጭን አንጀቱ ወጥቶ፣ ጫፉ በደነዘዘ መቀስ ከጨጓራው ጀምሮ በቁመቱ ይከፈታል። መቀሱ ሹል ከሆነ ትሉን ይቆርጠዋል፤ አንድ ትል ሁለት ሆኖ ይቆጠራል። ሲከፈት የሚታየው ትል ሳይሆን ቀይ ጥምዝምዝ ነው። እያንዳንዱ ትል የአንጀቱን ግድግዳ በለበሱት ጥቃቅን ጣት መሰል ቅንጣቶች ላይ እንደ ሐረግ ተጠምጥሞ ይይዛል። ብዙዎቹ ከጨጓራው ቀጥሎ ባለው የመጀመሪያው ሲሶ ውስጥ ናቸው። በወረንጦ አንድ በአንድ መንቀል ይቻላል፤ ግን ይበጠሳሉ፣ ሰውም ይደክማል።

ስለዚህ የባርማንን መንገድ ተከተልን። ተመራማሪው ባርማን እ.ኤ.አ. በ1917 ያሳየው፣ እጭ ከአፈር ወጥቶ በሞቀ ውሃ ውስጥ ወደ ታች እንደሚወርድ ነው። እኛ የተከፈተውን አንጀት በስስ ጨርቅ ጠቅልለን፣ 37 ዲግሪ በሆነ ለሰውነት በሚስማማ ጨዋማ ውሃ የተሞላ ቱቦ አፍ ላይ አንጠለጠልነው። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ የመጀመሪያው ትል በጨርቁ ቀዳዳ ሾልኮ፣ እየተጠማዘዘ ወደ ቱቦው ሥር ወረደ። ከዚያ ሌላ። ከሦስት ሰዓት በኋላ ሥሩ ላይ ቀይ ክምር ተቀምጧል። ሁሉም አይወርዱም፤ ከጨርቁ የወጣውን አንጀት በማይክሮስኮፕ ደግሜ ስፈትሽ በየአንጀቱ ከ4 እስከ 11 የቀሩ አገኘሁ። ይህን ያላደረገ ቆጣሪ ሁልጊዜ አሳንሶ ይቆጥራል።

ሴቷ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ትረዝማለች፤ ወንዱ ግማሿን ያህላል፣ የጅራቱ ጫፍም እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ ነው። ሁለቱን ለይቼ ቆጠርኩ። «መ» በተባለው ቱቦ ውስጥ ሦስት ትሎች ብቻ ነበሩ። አንዱን ገለበጥኩት፦ ወንድ። ሁለተኛውም ወንድ። ሦስተኛውንም።

ፖስታው ሲከፈት «መ» 7ኛዋ ነበረች።

የስድስት ስላይድ ዜሮ ትክክል ነበር፤ እንቁላል የሚጥል አልነበረምና። ትል ግን ነበራት። በእንቁላል ብቻ ብንወስን ኖሮ ከንጹሖቹ ጋር እንደምራት ነበር። ከሙከራው ትውጣ የሚል ሐሳብ ቀረበ። እኔ አልተስማማሁም፤ በቀን 0 የተጻፈው ማስታወሻ ምክንያቱን ስለሚናገር ከነማስታወሻዋ ትቆያለች፤ ውጤቱንም በአማካይ ፈንታ በመካከለኛው ቁጥር፣ ማለትም ቁጥሮቹ በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሐል ላይ በሚውለው፣ እናቀርባለን። በዱር አይጦች ላይ ጥቂቶቹ አብዛኛውን ትል እንደሚሸከሙ፣ ብዙዎቹም ጥቂት ወይም ምንም እንደማይኖራቸው የታወቀ ነው። ለእንደዚያ ዓይነት ቁጥር አማካይ ብቻውን መጥፎ ምስክር ነው።

ቀን 22

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። 2ኛዋ 118 ትል ነበራት፤ ከእነዚህ 61 ሴቶች ናቸው። 9ኛዋ 164፤ ከእነዚህ 86 ሴቶች። ትል የበዛባት 9ኛዋ ናት፤ እንቁላል የበዛባት ግን 2ኛዋ። በአንዲት ሴት ትል ሲሰላ 2ኛዋ 326 እንቁላል በግራም ይደርሳታል፤ 9ኛዋ 154 ብቻ።

ትናንት ከሁለቱ አሥር አሥር ሴት ትሎች ወስጄ እያንዳንዷን ለብቻዋ በምግብ ፈሳሽ ውስጥ 24 ሰዓት አቆይቻቸው ነበር። የ2ኛዋ ትሎች በአማካይ 438 እንቁላል ጣሉ፤ የ9ኛዋ 297። ስለዚህ የ9ኛዋ ትሎች በእርግጥ አነስተኛ ወላጆች ናቸው። ትል ሲጣበብ የእያንዳንዷ ሴት እንቁላል ሊያንስ ይችላል። የአይጧ የመከላከል ኃይልም ትሉን ሳይገድል መውለዱን ሊያዳክም ይችላል። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ በአሥር አይጥ መለየት አይቻልም። ግን ለመድኃኒት ሙከራው የሚለው ግልጽ ነው፦ እንቁላል በግማሽ ቢቀንስ ትሉ በግማሽ ሞተ ብዬ መጻፍ አልችልም። ሁሉም በሕይወት ኖረው መውለድ ብቻ ቀንሰው ይሆናል።

ሁለቱ ስሌቶች ግን አንድ አይደሉም። በቱቦ ውስጥ ልዩነቱ አንድ ተኩል ጊዜ ገደማ ነው፤ በዐይነ ምድር ውስጥ ከሁለት ጊዜ በላይ። የቀረውን ልዩነት ምን ይሞላዋል? እኔ የምጠረጥረው የዐይነ ምድሩን ብዛት ነው። 9ኛዋ ብዙ የምትጥል ከሆነች እንቁላሎቿ በብዙ ግራም ውስጥ ተበትነው ቁጥሩ ቀጥኖ ይታያል። ተመራማሪው ስቶል እ.ኤ.አ. በ1923 በመንጠቆ ትል ላይ እንቁላል መቁጠርን ሲያስተዋውቅ ጀምሮ ይህ ጥያቄ አብሮ ነበር። እኔ ግን የ24 ሰዓቱን ጠቅላላ ክብደት አልመዘንኩም። አሁን ልመዝን አልችልም፤ አይጦቹ የሉም። ሥራዬን ሳስብ ዛሬ የቆረቆረኝ ይህ ብቻ ነው።

ቀን 24

የሚቀጥለው ዙር ስምንት አይጦች ይኖሩታል። ወለሉ ወንፊት በሆነ ቤት ውስጥ ለ24 ሰዓት ተቀምጠው ዐይነ ምድራቸው በሙሉ ይሰበሰባል፤ ይመዘናል፤ ከዚያ ተደባልቆ ከመካከሉ 0.2 ግራም ይወሰዳል። ይህ በ14ኛው፣ በ17ኛውና በ20ኛው ቀን ይደረጋል። ውጤቱ እንቁላል በግራም ብቻ ሳይሆን እንቁላል በቀን ተብሎ ይጻፋል። አራቱን በ50 እጭ፣ አራቱን በ200 እንበክላለን፤ መጣበቡ ይሁን የአይጧ መከላከል ከዚያ ትንሽ ይለያል።

በፍሪጁ ውስጥ ያለውን እጭ ዛሬ አየሁት። ከመቶው ሰማንያ ያህሉ ይንቀሳቀሳል፤ ግን ያረጀ ስለሆነ አልተጠቀምኩበትም። ከ9ኛዋ የተረፈውን ዐይነ ምድር ከከሰል ጋር ለውሼ በስድስት አዲስ ሳህን ዘርግቻለሁ። ሣጥኑ ላይ የዛሬን ቀንና «ከ9ኛዋ» ብዬ ጽፌአለሁ።